ውሃው የሄደው በኔ ቅቤ ነው

ይህን ነገር ስድስት ዓመት ሙሉ ለሰው ተንፍሼው አላውቅም ነበር። ለጎረቤት አልተናገርኩም። ባሌ መቃብር ላይ ሄጄ እንኳ አልተናገርኩም፤ እሱ ቢሰማ ምን ያመጣ ነበር? ለአባም አልተናገርኩም። እኔ እምድብር ተወልጄ ያደግኩ ካቶሊክ ነኝ፤ ኑዛዜ እንዴት እንደሚገባ ከልጅነቴ አውቃለሁ። ተንበርክኬ የምለውን ልንገራችሁ? «አባ፣ ሰው አማሁ። አባ፣ የጎረቤቴን አካሄድ እያስመሰልኩ ሰው አሳቅሁ። አባ፣ በጾም ክትፎ ቤት በር ላይ ቆሜ አሸተትኩ፤ ማሽተት ይቆጠራል?» እላለሁ። አባ ሳቃቸውን እንደምንም ውጠው ጸሎት ያዙኛል፣ ጸልዬ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ይቺን ግን ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኳት። ሆድ አልፈጀውም። እሱ ነው ሆዴን የፈጀው።

ሰው የሚያውቀኝ በሳቅ ነው። ወልቂጤ እኛ ሰፈር ለቅሶ ቤት ስገባ እንኳ ሰው አፉን በነጠላው ይሸፍናል፣ ምን ትል ይሆን ብሎ። የባጃጅ ልጆች «እማማ፣ ዛሬ ማንን ልትድሪ ነው?» ይሉኛል። እንዲህ ያለች አሮጊት ትፈራለች ብሎ ማን ይገምታል? እኔ ግን እፈራለሁ። ስልክ ሲጮህ እፈራለሁ። በር ሲንኳኳ ብድግ እላለሁ። ቴሌቪዥን ላይ መኪና ሲቃጠል ካየሁ «ይሄ በምንድነው የሚሄደው?» ብዬ እጠይቃለሁ። በናፍጣ ነው ሲሉኝ «ተመስገን» እላለሁ። ሰው የሚነድ መኪና አይቶ ተመስገን ይላል? እኔ ብያለሁ። ብዙ ጊዜ ብያለሁ።

ረድኤት የልጄ ልጅ ናት። እናትና አባቷ አዲስ አበባ ለንግድ ሲገቡ እኔ ጋ ቀረች፣ እኔ አሳደግኳት። «አዶቴ» ነው የምትለኝ፤ በኛ በጉራጌ እናቴ ማለት ነው። ጊቢ ገባች፣ ተመረቀች፣ አልበቃ ብሏት ደግሞ ማስተርስ ጀመረች። እኔ ፊደል ስላልቆጠርኩ እሷ የኔን ድርሻ ጨምራ ልትማር ነው መሰለኝ እል ነበር።

የምትማረው ምንድነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ የውሃ ጠብታ ነው። በቃ፣ ጠብታ። መጀመሪያ ስትነግረኝ ያሾፈችብኝ መስሎኝ ነበር። ፊውል ሴል የሚሉት እቃ አለ፤ ሃይድሮጅን የሚባል ጋዝና አየር ይጠጣል፣ መብራት ይሰጣል፣ ጭስ የለውም፣ ከውስጡ የሚወጣው ውሃ ብቻ ነው። «ታዲያ ምኑ ይገርማል?» አልኳት። «እኔም ሻይ ጠጥቼ የሚወጣኝ ውሃ ነው። መብራቱ ነው የቀረብኝ።» መሬት ላይ ተንከባለለች በሳቅ።

ሳቋን ስትጨርስ ግን በደንብ አስረዳችኝ። እቃው ውስጥ እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠኑ መተላለፊያዎች አሉ፤ አየሩ የሚገባው በነሱ ነው። ውሃውም የሚወጣው በነሱ ነው። አንዷ ጠብታ መንገድ ላይ ከተቀመጠች አየሩ አያልፍም፣ እቃው ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ይሞታል። ስለዚህ ጠብታዋ መቼ ነው የምትነሳው? ምን ያህል ንፋስ ነው የሚገፋት? ግድግዳ ትይዛለች ወይስ ትንከባለላለች? ይሄን ነበር የምታጠናው። ኮምፒውተሯ ላይ ሞዴል ሠርታ አሳየችኝ፤ ሰማያዊ ጠብታ በቀጭን መንገድ ስትሄድ። ታምራለች፣ ነፍስ ያላት ትመስላለች።

ችግሩ፣ ኮምፒውተሩ ያለውን በእውነተኛ ውሃ ማሳየት ነበረባት። እንደ መስታወት የሚያሳይ ወፍራም ፕላስቲክ ቡታጅራ አንድ ወርክሾፕ ወስዳ አስቀረጸችው፤ አሥራ አንድ ቀጫጭን ቦይ ጎን ለጎን። ጊቢ ውስጥ መብራት ስለሚጠፋና ላብራቶሪው ስለሚጨናነቅ እቤት አምጥታ የኔ ጠረጴዛ ላይ ትሠራ ነበር። በአንድ በኩል ትንሽ የአየር መንፊያ ትሰካለች፣ በመርፌ ሰማያዊ ቀለም የገባበት ውሃ ጠብ ታደርጋለች፣ በስልኳ ትቀርጻለች።

ጠብታዋ አልሄደችም። ኮምፒውተሩ ትሄዳለች ባለው ንፋስ እንደ ሙሽራ አንገቷን ደፍታ ቁጭ። ንፋሱን ስትጨምረው ትለጠጣለች፣ ትጋደማለች፣ አትነሳም። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አንድ ወር። ረድኤት መብላት አቆመች። አስተማሪዋ ወይ ሞዴልሽ ተሳስቷል ወይ እጅሽ ተሳስቷል፣ ክረምቱ ሳያልቅ አንዱን ንገሪኝ ብሏታል። ልጄ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ስታለቅስ አየኋት። እንባዋ ፕላስቲኩ ላይ ወደቀ፤ እሱም አልሄደም።

እዚህ ጋ ነው የኔ ነገር የሚጀምረው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጊቢ ሄዳ ቤቱ ለኔ ቀረ። ፕላስቲኩን ከተሸፈነበት ገልጬ አየሁት። ፊደል አላውቅም እንጂ ውሃን አውቃለሁ። ቅቤ የጠጣ የሸክላ ጣባ ላይ ውሃ ብታፈሱ እንዴት ተሰብስቦ እንደሚሮጥ ማንም የጉራጌ ሴት ታውቃለች። ቅቤ የተቀባ ራስ ዝናብ ሲመታው ጠብታው በግንባር ላይ እየተንከባለለ እንደሚወርድ አውቃለሁ። ደግሞስ በኛ አዲስ ነገር ሁሉ ቅቤ ይነካዋል አይደል? ሙሽራ ራሷን ትቀባለች፣ አራስ ትቀባለች፣ አዲስ ጣባ ሳይታሽ ምግብ አይቀርብበትም። ይሄን ፕላስቲክ ማን ቀባው? ማንም። ታዲያ እንዴት መንገዱ ይቅናው?

ለጋ ቅቤ አወጣሁ። እንሰት ሲፋቅ ከሚቀረው ቃጫ አንድ ቀጭን ዘለላ መዘዝኩ፣ ቅቤውን አስነካሁት፣ በአንደኛው ቦይ ሳብኩት። በሁለተኛው። በአሥራ አንዱም። ከዚያ በጥጥ ጠረግኩት፣ ዓይኔ ምንም እስካያይ ድረስ። እየሳቅኩ ነበር። «ሂጂ እንግዲህ፣ አንቺ ኩሩ» አልኳት ጠብታዋን፣ ገና ሳትመጣ። ረድኤት ሽታው ለምን አልሸተታትም ትሉ ይሆናል። የኔ ቤት ቅቤ ይሸታል፣ የኔ ራስ ቅቤ ይሸታል፤ እሷ በዚያ ሽታ ውስጥ ነው ያደገችው።

በነጋታው ጠዋት ጠብታዋን ጠብ አደረገች፣ አየሩን ለቀቀች። ጠብታዋ ሄደች። ሄደች ስላችሁ ሮጠች! ረድኤት ጮኸች፣ እንደገና ሞከረች፣ ሌላዋም ሮጠች። ያን ቀን አዲስ የተጣራ ውሃ አምጥታ ስለነበር «ውሃው ነው! ውሃው ነበር ችግሩ! አዶቴ፣ ሞዴሌ ትክክል ነው!» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። አፌን ከፍቼ ነበር። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ከፍቼ ነበር። «ቆይ፣ አንድ ነገር አለ» ልል ነበር። ፊቷን አየሁት። ያን ወር ሙሉ ያላየሁት ፊት ነው። አፌን ዘጋሁት።

ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ነገ ሲመጣ ሁሉንም ቀርጻ ጨርሳ ነበር። ከነገ ወዲያ ለአስተማሪዋ ልካው ነበር። በሳምንቱ አስተማሪዋ አጨብጭቦላት መጣች። አንድ ነገር በመጀመሪያው ቀን ካልተነገረ በሁለተኛው ቀን ይከብዳል፣ በሦስተኛው ቀን አፍ ውስጥ ድንጋይ ይሆናል። ለምን አልተናገርኩም? ለሷ አዝኜ ነው? ወይስ ያቺ እቅፍ ጣፍጣኝ ነው? እኔ ነኝ ያስደሰትኳት፣ እኔ ነኝ የቀባሁት፣ ከአስተማሪዋ ይልቅ እኔ አወቅኩ፤ ይሄ ሁሉ በሆዴ ነበረ። ኩራት ነበረ። አሁን ነው የምናገረው።

እስካሁን የነገርኳችሁ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለአባ ተናግሬው አብረን እንስቅበት ነበር። ግን ቀጥሎ አለ።

ሰሚራ የምትባል ጓደኛ ነበረቻት፣ ከአንድ አስተማሪ ሥር አብረው የሚማሩ። የቡታጅራ ልጅ ናት፣ የነጋዴ ልጅ፣ ሙስሊም። ጊቢ ውስጥ ነበር የምታድረው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ጋ ትመጣለች፣ ቆጮ በአይብ ሰጥቼ ሳትበላ አልለቃትም። በኔ ቀልድ እንደ ሰሚራ የሚስቅ ሰው የለም። ገና አፌን ሳልከፍት «ወላሂ እማማ ይተዉኝ!» ትላለች ሆዷን ይዛ።

የሰሚራ ሥራ ከረድኤት ሥራ ቀጥሎ ነው የሚመጣው። ረድኤት ቀጥ ባለ ቦይ ጠብታ በዚህን ያህል ንፋስ ትሄዳለች ካለች፣ ሰሚራ ደግሞ ያንኑ ንፋስ ወስዳ የሚጣመም ቦይ ላይ ታያለች። ወሰደች። ጠብታዋ ቁጭ አለች። ሰሚራ አዲስ ፕላስቲክ አስቀረጸች፤ ቁጭ። ውሃውን ቀየረች፤ ቁጭ። ረመዳን ነበር፣ ጾሟን ይዛ ከንፈሯ ደርቆ ጠብታ ስትገፋ ትውል ነበር። አስተማሪው ምን አላት? «ረድኤት ሠርታዋለች። አንቺ ጥንቃቄ የለሽም።» ይህን ረድኤት እቤት መጥታ ስትነግረኝ እየተላጠ ያለ ሽንኩርት በእጄ ነበር። እንባዬን በሽንኩርቱ አመካኘሁ።

እኔ ምክንያቱን የማውቅ በዓለም ላይ አንዲት ሰው ነበርኩ። አንድ ቃል፣ «ቅቤ» የምትል አንዲት ቃል በቂ ነበረች። ጠብታዋ እንኳ የኔን አፍ ያህል አልተጣበቀችም።

ሰሚራ ግን ብልህ ናት። አንድ ዓርብ ረድኤት መጥታ «ነገ ሰሚራ ትመጣለች፣ ቀጥ ያለ ቦይ እንደኔው አስቀርጻለች። ጎን ለጎን አስቀምጠን እናወዳድራለን» አለችኝ። ከዚያ ዕቃ ልትገዛ ገበያ ወጣች። የሚቀጥለው ሰኞ ደግሞ ረድኤት ጽሑፏን ፈታኞች ፊት ቆማ የምትከላከልበት ቀን ነበር፤ ፕላስቲኩን ይዛ ልትቀርብ ነው።

ሳጥኑን ከፈትኩት። ቅቤው ከስንት ወር በኋላ አንዳንድ ቦታ ለቅቋል፣ አንዳንድ ቦታ አቧራ ይዟል። ነገ ጠብታዋ አትሄድም ማለት ነው። ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ዝም ብተወው ልጄ ከሰኞ በፊት ትዋረዳለች። ብናገር ልጄ ከሰኞ በፊት ትዋረዳለች። የሌላ ሰው ልጅ ስትዋረድ ስንት ወር አይቻለሁ? ለሷ ግን እንዲህ አልተቀመጥኩም፣ ጭንቅላቴን አልያዝኩም። ይሄን ልብ በሉልኝ።

ለብ ባለ ውሃ አጥቤ አደረቅኩት። ቃጫ መዘዝኩ። ለጋ ቅቤ አወጣሁ። ሁለተኛ ቀባሁት። አሥራ አንዱንም ቀባሁት። ያን ቀን አልሳቅኩም። ቃጫው ሁለት ጊዜ ተበጠሰብኝ። እያወቅኩ ነው የቀባሁት። የመጀመሪያው የአሮጊት ተንኮል ነው በሉት። ሁለተኛው ምንድነው? ስም አውጡለት።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ሰሚራ መጣች። ሁለቱን ፕላስቲክ መስኮቱ ሥር ጎን ለጎን አስቀመጡ። የረድኤት ሮጠ፤ የሰሚራ ቁጭ አለ። መርፌውን ተቀያየሩ፤ ያው። ሰሚራ የረድኤት ላይ ጠብ ስታደርግ ሄደ፣ ረድኤት የሰሚራ ላይ ስታደርግ ቆመ። ሰሚራ የረድኤትን ፕላስቲክ አንስታ ወደ ብርሃኑ አዘነበለችው። ወደ አፍንጫዋ አቀረበችው። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር።

«እስኪ ሳሙና አምጡ» አለች። «ሁለቱንም በሳሙና አጥበን እንይ።»

ደርሳበት ነበር! ልጅቷ ደርሳበት ነበር። ሳሙናው ከኔ ክንድ አንድ እርምጃ ላይ ነው ያለው። እኔስ ምን አደረግኩ? ቀለድኩ።

«ሰሚራ፣ የኔ ልጅ» አልኳት፣ «ፕላስቲኩ ምን አደረገሽ? እጅሽ ነው እንጂ። ላብ የሚበዛው እጅ ነው ያለሽ፣ ውሃው ዘመዱን አይቶ ቁጭ ይላል። እንዲህ ያለ እጅ ሳሙና አይደለም መድኃኒቱ፣ ባል ነው!»

ረድኤት በሳቅ ፈነዳች። ሰሚራም ሳቀች፣ እንደ ልማዷ ሆዷን ይዛ፣ «ወላሂ እማማ!» ብላ። ሳቋን ስትጨርስ ፕላስቲኩ ጠረጴዛው ላይ ተመልሶ ነበር። ረድኤት «የኔ እንኳ አይታጠብ፣ ለሰኞ ነው» ብላ ወደ ሳጥኑ ከተተችው። ሳሙናው ተረሳ። ሰሚራ ግን፣ እኔ እያየኋት፣ እጇን ቀስ ብላ ቀሚሷ ላይ ጠረገች። አንድ ጊዜ። ደግሞ ሁለተኛ።

ሁለቱን ቅብ ምናልባት እግዚአብሔር ይቆጥርልኝ ይሆናል በመውደድ። ያቺን ቀልድ ግን በምን ይቆጥራት? ሰው የሚወደኝን ነገር፣ ሳቄን፣ አንድ ልጅ እውነት ልትነካ ስትል እጇን ልመታበት አነሳሁት። እኔ ነኝ። ሌላ ማንም አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ሰሚራ ጓንት አድርጋ መሥራት ጀመረች። ጓንትም አልረዳት። በመጨረሻ አስተማሪው ሲጠይቃት «እጄ ሳይሆን አይቀርም» አለችው አሉ። እንዲህ ብላ አመነች! የሁለት ዓመት ትምህርቷን ጥላ ቡታጅራ ገባች። ልትሰናበተኝ ስትመጣ በርበሬ በከረጢት ይዛልኝ ነበር። «ውሃ አልወደደኝም እማማ፣ ምን ይደረግ» አለች። አቀፍኳት። ምን ዓይነት ክንድ ነው እንዲያ የሚያቅፍ?

ረድኤት ከማዕረግ ጋር ተመረቀች። ጊቢው አስተማሪ አድርጎ አስቀራት። እኔም መፍራት ጀመርኩ።

ፍርሃቴ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዴ በሩቅ አገር አንድ ሰው የረድኤትን ጽሑፍ አንብቦ መኪና ሠርቶ፣ መኪናው መንገድ ላይ ትንፋሽ አጥሮት ልጆች እንደጫነ ሲቆም ይታየኛል። ረድኤትን «ይፈነዳል እንዴ ያ እቃሽ?» ብዬ ስጠይቃት «ሃይድሮጅን ካመለጠ አዎ ይነዳል» አለችኝ፣ እንደ ቀላል ነገር። ሦስት ቀን ምግብ አልወረደልኝም። አንዳንዴ የምፈራው ሞትን ነው፤ ይዤው እንዳልሄድ። ከሁሉ በላይ የምፈራው ግን የሰሚራን ስልክ ነበር። በየበዓላችን እየደወለች «እማማ፣ እንኳን አደረሰዎ፣ ደህና ነዎት? አልሐምዱሊላህ» ትላለች። እኔ «ጆሮዬ አይሰማም» ብዬ ስልኩን ለረድኤት እሰጣለሁ። ጆሮዬ የጎረቤትን ሐሜት በግድግዳ ይሰማል።

እንዲህ እየፈራሁ ልሞት ነበር። ከጥቂት ሳምንት በፊት ግን ረድኤት ሦስት ተማሪዎቿን ምሳ ጋብዛ እቤት አመጣች። ያንን የድሮ ሥራ ሊያስፋፉት ነው፤ ከሷ ቁጥር ተነስተው። ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ዕቃ እያነሳን «ከተማሪዎቼ አንዷ ጠብታዋ እየቆመባት ነው» አለችኝ። «እጇ ንጹሕ አይደለም መሰለኝ።» ብላ ሳቀች።

ሳህኑ ከእጄ ወደቀ። የኔ ቀልድ ናት'ኮ! የኔው ቀልድ፣ በልጄ አፍ፣ ለሌላ ሰው ልጅ። ስንት ሰሚራ ነው ቡታጅራ የምትገባው?

እዚያው ቆሜ ነገርኳት። ቃጫውን፣ ቅቤውን፣ ዓርቡን፣ ሳሙናውን። ረድኤት አልጮኸችም። ሄዳ በሩን ዘጋች። ከዚያ መስኮቱን ዘጋች። «ሌላ ማን ያውቃል?» አለችኝ። ማንም አልኳት። «እንግዲያው እዚሁ ይቅር፣ አዶቴ። እንጀራዬ ነው። ስሜ ነው። ስድስት ዓመት ያለፈ ነገር ማን ይቆፍራል? እለምንሻለሁ፣ ዝም በይ።»

ስለ ሰሚራ አንድ ቃል አልጠየቀችም። ዓይኗ በር በሩን ያያል። ያንን ዓይን አውቀዋለሁ። በየጠዋቱ መስታወት ውስጥ የማየው የኔ ዓይን ነው። ፍርሃቴን አወረስኳት። ከዚያ በላይ የፈራሁት ቀን የለም፣ ከዓርቡም ከቅዳሜውም በላይ።

በሳምንቱ ሳልነግራት ተነስቼ መኪና ተሳፈርኩ፣ ቡታጅራ ወረድኩ። ሰሚራ የአባቷ ሱቅ ውስጥ በርበሬ ትመዝናለች። ስታየኝ ዘላ ወጣች፣ ጉልበቴን ልትስም። «አትሳሚኝ፣ ተቀመጪ» አልኳት። ነገርኳት። አንድም ቀልድ ሳልጨምር የተናገርኩት በሕይወቴ ያን ቀን ነው። መሬት መሬት እያየሁ ጨረስኩ። ትጮሃለች ብዬ ነበር። ታባርረኛለች ብዬ ነበር። ቀና ስል ጣቷን እየቆጠረች ነበር።

«ለጋ ነበር ወይስ የተነጠረ?» አለችኝ።

«ለጋ።»

«ሁለቱም ጊዜ?»

«ሁለቱም ጊዜ።»

«በጥጥ ጠርገውት ስስ ሆኖ ቀረ። ለዚህ ነው ግድግዳውን ያልያዘው።» ዓይኗ በራ፣ እመኑኝ፣ ለአፍታ እንደ ተማሪ ዓይን በራ። ስድስት ዓመት በርበሬ እየመዘነች ያቺን ጠብታ ስታስብ ኖራለች ማለት ነው። ከዚያ «የኔ ትክክል ነበር» አለች። ደግማ «የኔ'ኮ ትክክል ነበር» አለች።

ሰው በርበሬ ሊገዛ ገባ። ተነስታ መዘነችለት፣ ሸኘችው። ተመልሳ ስትቀመጥ ፊቷ ሌላ ነበር።

«ሳሙና አምጡ ብዬ ነበር'ኮ፣ እማማ። እርስዎ አሳቁኝ።»

ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ።

«ረድኤት ታውቃለች?» አለችኝ። ውሸቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ አታውቅም ብል ልጄ ትተርፍ ነበር። «ሳምንቷ ነው ካወቀች» አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። «በቃል አልፈልግም። ይጻፍልኝ። ለኔም፣ ለጊቢውም» አለችኝ። ወደ መኪና ስሄድ አልሸኘችኝም፤ ያለመሸኘቷ ተገቢ ነው።

እቤት ገብቼ ለረድኤት ነገርኳት። ሦስት ቀን አላናገረችኝም። እኔም ማን ይጽፍልኛል ብዬ ጎረቤት ያለችውን መምህርት ልለምን ነጠላዬን ሳነሳ ረድኤት ወረቀት ይዛ መጣች። ዓይኗ አብጧል። ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠች። «ተናገሪ» አለችኝ።

ይህን ሁሉ የጻፈችው እሷ ናት። «ዝም በይ» ያለችኝ ጋ ስንደርስ እስክሪብቶዋ ቆመ። «እሱንም?» አለችኝ። «እሱንም» አልኳት። ጻፈችው።

ሰኞ ሁለታችን ይዘነው ጊቢ እንገባለን። ምን እንደሚሏት አላውቅም። ከሥራ ያስወጧት ይሆን? ማዕረጓን ይቀሟት ይሆን? ሰሚራን ይመልሷት ይሆን? ወይስ አንዲት ያበደች አሮጊት ብለው ስቀው ይሸኙን ይሆን? እሱን ነው ደግሞ የምፈራው፤ ሳቁን።

ይህን የምታነቡ እናንተን ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ይቅር በሉኝ አልልም፤ ይቅርታ የሰሚራ ነው፣ እሷም አልሰጠችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። የምለምናችሁ ሌላ ነው። «ምስኪን፣ አልተማረችም፣ ምን ታውቃለች» እንዳትሉልኝ። ውሃ ቅቤ ላይ እንደማይቆም ለማወቅ ትምህርት ቤት አያስፈልግም። አውቅ ነበር። ዓርብ ዕለት አውቅ ነበር፤ ቅዳሜ ልጅቷ ሳሙና ስትል ደግሞ ከማንም በላይ አውቅ ነበር። እያወቅኩ አሳቅኳት።